ርካሽ እንጀራ፤ ሒሳቡን ማን ከፈለው?

እስቲ ዛሬ ከራሳችን ጓዳ እንጀምር። ባለፈው ወር መጨረሻ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ የመብራት ሒሳብ። ግቢው ውስጥ አምስት ቤት ተከራይ አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ ነው። ሒሳቡ ካለፈው ወር አብጦ መጥቷል። ታዲያ ያሳበጠው ማነው? አንዱ «እኔ እኮ ከአንድ አምፖልና ከስልክ ቻርጀር በቀር ምንም የለኝም» አለ። ሌላዋ ቀስ ብላ ስቶቩን አስታወሰችው። እኛም በበኩላችን ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍበትን ቤት በዓይናችን ጠቆምን። የካውያው፣ የፍሪጁ፣ የውሃ ማሞቂያው ኃጢአት አንድ በአንድ ተዘረዘረ። በመጨረሻ ክሱ ዞሮ ዞሮ አንድ ተከሳሽ ላይ አረፈ፤ ምጣዱ ላይ።

የቤቱ ባለቤት እማማ እስከዚያ ድረስ ስፌታቸውን ይዘው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። «እናንተ ልጆች» አሉ ቀና ብለው፤ «የመብራት ጠብ አሁን መጣ እንጂ ድሮ ማን ይጣላበት ነበር? ሁሉ ነገር ርካሽ ነበር።»

ይቺን «ድሮ» የምትባል አገር ሁላችንም እናውቃታለን። ጤፉ በኩንታል ይህን ያህል ብር፣ በጉ ይህን ያህል፣ ላምባው በሳንቲም የሚሸጥባት አገር ናት። ሽማግሌ ያለበት ቤት ሁሉ ስሟ ይነሳል። እኛ ደግሞ የዚህ ዘመን ልጆች ነንና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ምላሳችን ላይ ይመጣል። ነገሩ ያን ያህል ርካሽ ከነበረ፣ ትክክለኛውን ዋጋ ማን ነበር የሚከፍለው? እንጨት በራሱ ተቆርጦ አይመጣም። ጤፍም ራሱን አጭዶ፣ ራሱን ጭኖ እህል በረንዳ አይወርድም። እናላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ የአዲስ አበባን ታሪክ በጓዳ በር ገብተን ልናየው ወሰንን። ነገሥታቱንና ጦርነቶቹን ለታሪክ መምህሮቻችን ትተን፣ ምድጃውን እንከተለው።

ከተማ ያሰደደ ማገዶ

የአዲስ አበባ ታሪክ ሲነገር እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃውን ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች ይባላል። እውነት ነው። ብዙ የማይወራው ግን ከተማዋ ገና በሕፃንነቷ ልትሞት እንደነበረ ነው። ሊገድላት የነበረውም ጠላት አልነበረም፤ የማገዶ እጦት እንጂ።

በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ማለት አንድ ሕንፃ አልነበረም። ንጉሡን ተከትሎ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ገረዱ ይሰፍራል። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በየቀኑ እንጀራ ይጋገርለታል፣ ወጥ ይሠራለታል፣ በብርዱ ይሞቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በእንጨት ነው። ቤቱም አጥሩም የሚሠራው በእንጨት ነው። በዙሪያው ያለው ደን ሲያልቅ ምን ይደረግ? መቼም እንጨቱን ከሩቅ ከማምጣት ሰፈሩን ወደ እንጨቱ መውሰድ ይቀላል። የአገራችን ነገሥታት መናገሻ ከቦታ ቦታ ይዞር የነበረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ምንም እንኳ የጦርነቱና የግብሩ ጉዳይም ቢኖርበት።

አዲስ አበባም አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተመናመነ። እንጨቱ ከሩቅ መምጣት ጀመረ፤ ዋጋውም አብሮ ወጣ። ዳግማዊ ምኒልክ መፍትሔ ያሉት የለመዱትን ነበር፤ መናገሻ መቀየር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማዋ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ደናማ ቦታ ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። እንግዲህ ስሙን ልብ በሉት። አዲስ አበባ በማገዶ ምክንያት በአዲስ ዓለም ልትተካ ነበር ማለት ነው።

ያተረፋት ዛሬ በየስብሰባው ውሃ መጣጭ እያልን የምናማው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ሐሳቡን ለንጉሡ ያቀረበው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ ይነገራል። የባሕር ዛፍ ብልሃቱ ሁለት ነው። አንደኛ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል። ሁለተኛ ደግሞ ሲቆረጥ ከጉቶው ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከብትና ፍየልም አይበሉትም። ምኒልክ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ከተማዋ በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ ባሕር ዛፍ ለበሰች። የውጭ ልዑካንም ቢሆኑ የገነቡትን ትተው መሄድ አልፈለጉም ነበር። ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዛፉ ምንጩን እያደረቀ ነው ተብሎ አብዛኛው እንዲነቀል አዋጅ ወጥቶ እንደነበር ይነገራል። ማን ሰምቶ! ሰው በአዋጅ አይበስልበትም።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ሒሳቡን ማን ከፈለ? የመኳንንቱን ጓዳ ያሞቀው እንጨት በአብዛኛው በገንዘብ አልተገዛም። ገባሩ ከእህሉ ግብርና ከጉልበት ሥራው በተጨማሪ ማገዶ ለጌታው ቤት የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። እንጨቱ ለባለቤቱ «በነጻ» ደርሷል። ለገባሩ ግን ከራሱ እርሻ የተወሰደ ቀን ነበር። ባሕር ዛፉ ሲመጣም ትርፉ በቅድሚያ የሄደው መሬት ወዳለው ሰው ነው። ከተማዋ ዳነች፤ የዳነችበት ዋጋ ግን በማንም ደብተር ላይ አልተጻፈም።

ሒሳቡ በቀጥታ ሲመጣ

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ዘመነ። ጣሊያን መጥቶ ሄደ። ሲሄድ ግን ቃላቱን ጓዳችን ውስጥ ረስቶ ነው። በየወሩ «አስቤዛ ልንገዛ ነው» የምንለው ቃል እንኳ ከጣሊያንኛው «ስፔሳ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ወጪ ወይም ግዢ ነው። የከተማው ሰው ከገጠር ዘመዱ ከሚመጣለት ቀለብ እየራቀ፣ በደመወዝ የሚኖር፣ በወር የሚገዛ ሆነ። ላምባ ገባ። ነጭ ጋዝ የምትጠጣው ቡታጋዝ ገባች። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ሲጀምር መብራቱም እየተስፋፋ መጣ። አንድ ነገር ግን ተቀየረ። የጓዳ ወጪ ከእንግዲህ በጎረቤት ደን ብቻ ሳይሆን በዓለም ገበያም የሚወሰን ሆነ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም የነዳጅ ዋጋ ጣራ ነካ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ፤ የታክሲ ሾፌሮች ግን ታሪፋቸውን እንዳሻቸው መጨመር አይችሉም። የካቲት 11 ቀን ታክሲዎች ቆሙ። በዚያው ሰሞን መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ ላይ ነበሩ። ከተማዋ ጸጥ አለች፤ ከዚያም ተናወጠች። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፤ በሸቀጦች ላይም የዋጋ ቁጥጥር እንደሚደረግ ተነገረ። ግን ረፍዶ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ካቢኔው ወደቀ። መስከረም ላይ ዙፋኑም ተከተለው።

ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ፤ የጓዳ ታሪክ ስንጽፍ ልንዘለው አንችልም። ጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈሩ ወታደሮች አመፁ። ጥያቄያቸው ስለ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የሚሰጣቸው ምግብ አይበላም፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ የመኮንኖቹን ውሃ እንዳይጠቀሙ ተከልክለዋል። ሊያነጋግራቸው የተላከውን ጄኔራል ያዙትና እነሱ የሚበሉትን እንዲበላ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጣ አደረጉት። የአብዮቱን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች የሚጀምሩት ከዚህ ነው። በእኛ ንባብ አብዮቱ የጀመረው አንድ ባለሥልጣን የሌላውን ሰው ምሳ እንዲቀምስ በተገደደበት ቀን ነው።

የቀበሌው ወረፋና የገበሬው ኮታ

አሁን ወደ እማማ «ድሮ» ደረስን። አዲሱ መንግሥት ከተሜ ሲቆጣ ምን እንደሚከተል ዓይቷል፤ በከተሜ ቁጣ ላይ ነውና የመጣው። ስለዚህ የከተማ ኑሮ እንዳይንር መጠበቅ ትልቅ ጉዳዩ ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የሚወርሰው አዋጅ ወጣ። ኪራይ ቀነሰ፤ ቀበሌ ተቋቋመ። በቀበሌው ውስጥም ህብረት ሱቅ ተከፈተ።

ህብረት ሱቅ የብዙዎቻችን ወላጆች የትዝታ መዝገብ ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጤፍ በካርድ፣ በቤተሰብ ቁጥር፣ በተወሰነ ዋጋ ይታደላል። እማማን ስለዚያ ጊዜ ስንጠይቃቸው ፊታቸው በራ። ሌሊት ተነስተው ወረፋ ሲይዙ፣ ሰው ቤቱ ደርሶ እስኪመለስ በቦታው ድንጋይ ወይም ዘንቢል ሲያስቀምጥ፣ «ዛሬ ስኳር ገባ» የሚል ወሬ ሰፈሩን በአምስት ደቂቃ ሲያዳርስ እየሳቁ አወሩን። «እና ማን ነበር የሚከፍለው እማማ?» አልናቸው። ትንሽ አሰቡ። «እኔ እንጃ ልጆቼ» አሉ፤ «እኛ የምናውቀው ወረፋውን ነው።»

ወረፋው በእርግጥ አንዱ ክፍያ ነበር። ሌላው ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ አይታይም ነበር። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ሥራው ከገበሬው እህል ገዝቶ ለሠራዊቱ፣ ለመንግሥት ድርጅቶችና ለከተማ ቀበሌዎች ማቅረብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለየአውራጃው፣ ለየወረዳው፣ ከዚያም በገበሬ ማኅበሩ በኩል ለየገበሬው ኮታ ይደለደላል። ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ እሱም ከገበያው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነበር። እህል ነጋዴዎችም ከጫኑት ላይ ለድርጅቱ በተወሰነው ዋጋ እንዲሸጡ ይገደዱ ነበር። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎች የግል የእህል ንግድ እስከ መታገድ ደረሰ። በየመንገዱ ኬላ ቆመ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይሄ ነው። ምርቱ የከዳው ገበሬም ኮታው አይቀርለትም። ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ዋጋ እህል ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ የነበረ ገበሬ ብዙ ነው። አስቡት እስቲ! ጤፍ የሚያመርት ሰው፣ ጤፍ ገዝቶ፣ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ልዩነቱን ከየት አመጣው? በሬ ሸጦ፣ በግ ሸጦ፣ ተበድሮ። እንግዲህ በቀበሌው ሱቅ በርካሽ የተሰፈረችው ጤፍ ልዩነቷ የተከፈለው ከአንድ ጎጃሜ ገበሬ በረት ነው። የከተማዋ እናት ይህን አታውቅም፤ እሷም በወረፋ ሌሊቷን ከፍላለች። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጁ ኮታው ቀረ። ገበሬውም ያሻውን ለሻው መሸጥ ጀመረ። በከተማ ደግሞ «ጤፍ ተወደደ» የሚለው ዘፈን ከዚያ ወዲህ አላቆመም።

ከእንጦጦ የሚወርደው ጀርባ

ህብረት ሱቁ ጤፉን ሰፈረ፤ ማገዶውን ግን አልሰፈረም። መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን በከተማዋ ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍም የመንግሥት ደን ሆነ። ከተማዋ ግን አሁንም የምትጋግረው በቅጠል፣ በጭራሮና በፍልጥ ነው። ክፍተቱን የሞሉት ሴቶች ናቸው።

የሽሮ ሜዳን ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ እነዚህን ሴቶች ያውቃቸዋል። ንጋት ሳይሆን ተራራውን ይወጣሉ። ቅጠሉን ይጠርጋሉ፣ ጭራሮውን ይለቅማሉ። የራሳቸውን ክብደት የሚስተካከል ሸክም በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ኪሎ ሜትሮችን ይወርዳሉ። በመንገድ ላይ የደን ጠባቂ አለ። ጠባቂው ሸክሙን ሊወርስ ይችላል፣ ጉቦ ሊጠይቅ ይችላል፣ ከዚያም የከፋ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ጉዳያቸው በ1983 ዓ.ም. ገደማ በዓለም የሥራ ድርጅት በታተመ ጥናት እስከ መዘገብ ደርሷል። ኋላ ላይ የተወሰኑት ተደራጅተው ሸክሙን በሽመና ቀይረዋል። እንጦጦን ለመጎብኘት የወጣ ሰው የእጃቸውን ሥራ ነጠላና ሻርፕ ያገኛል።

ለከተማው ቤተሰብ የአንድ እስር ቅጠል ዋጋ ትንሽ ነበር። ትንሽ የሆነው ግን የሴቲቱ ወገብ፣ የሴቲቱ ጊዜና የሴቲቱ ፍርሃት በዋጋው ውስጥ ስላልተሰላ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች የመጡትም ሸክሙ በደኑም በሰውም ላይ ስለከበደ ነው። በ1980ዎቹ የተስፋፋው «ምርጥ» ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃም ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። እናቶቻችን እነዚህን ሲገዙ ስለ አካባቢ ጥበቃ ተሰብከው ብቻ አልነበረም። ከኪሳቸው የሚወጣውን ሳንቲም ቆጥረው ነው። አገሪቱ እስካሁን ካፈራቻቸው የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይልቅ ሒሳቡን የሚያውቁት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

27 ሳንቲም

ከዚያ መብራቱ ተራውን ወሰደ። በ1998 ዓ.ም. በተሻሻለው ታሪፍ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ገደማ ነበሩ። ከ500 በላይ የሚጠቀመው እንኳ በኪሎዋት ሰዓት 69 ሳንቲም ገደማ ነበር የሚከፍለው። ይህ ታሪፍ ከ12 ዓመት በላይ ሳይነካ እስከ 2011 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያልጨመረ ሌላ ነገር ካለ ንገሩን!

ሒሳቡን እናስላው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 ኪሎዋት ያላነሰ ኃይል ይወስዳል። ለሳምንት የሚሆን እንጀራ ለመጋገር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በዚያ ታሪፍ ከ2 ብር እስከ 5 ብር መሆኑ ነው። በእንጨት ለመጋገር ከዚያ የበለጠ ይወጣ ነበር፤ ጭሱ ሳይቆጠር። ስለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ ወደ ምጣዱ ጎረፈ። በተለይ የነጭ ጋዝ ድጎማ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተነሳ በኋላ ቡታጋዟ ጥግ ያዘች።

ግን እዚህም ከፋይ ነበር። ርካሹ መብራት ትራንስፎርመር ለመቀየር፣ መስመር ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አያስገባም። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቹ ውሃ ሲያጥራቸው ከተማዋ በፈረቃ ውስጥ ገባች፤ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ሊጥ ቦክቶ ሲጠብቅ መብራት የጠፋበት ቤት ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልገንም። ሊጡ ይኮመጥጣል። ወይ ይደፋል፣ ወይ ጎረቤት ከሰልና እንጨት ፍለጋ ይኬዳል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይም ፈረቃው ተመልሶ መጣ። ሌላው ከፋይ ደግሞ ጭራሽ ቆጣሪ የሌለው ሰው ነው። ድጎማው በሽቦ ነው የሚመጣው፤ ሽቦ ያልደረሰው ገጠር ከድጎማው ቤሳ አላገኘም።

በዚሁ ዘመን አስቤዛው በበኩሉ አበደ። ሚሊኒየሙን በሆታ የተቀበልንበት 2000 ዓ.ም. ሳያልቅ የዋጋ ንረቱ ከ50 በመቶ አለፈ። መንግሥት ከውጭ ያስገባውን ስንዴ በቀበሌ በኩል በድጎማ ማደል ጀመረ። እማማ «ታሪክ ተመለሰ» ያሉት ያኔ ነበር። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። ማስታወቂያው በሬዲዮ በተነገረ በቀናት ውስጥ ስኳርና ዘይት ከየሱቁ መደርደሪያ ተሰወሩ። ጣሪያው ከወራት በኋላ ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ተነሳ። ዘይትና ስኳር በሸማቾች ማኅበራት በኩል በወረፋ መሸጡ ግን ለዓመታት ቀጠለ። ያቺ ወረፋ ላይ የምትቀመጥ ድንጋይ ጡረታ አልወጣችም ማለት ነው።

አሁን የማን ተራ ነው?

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ተቃራኒውን ያዘ፤ ዋጋ እውነቱን ይናገር የሚል ነው። የመብራት ታሪፍ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ ጨመረ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወሰነ። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ እየተነሳ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። ኃይሉ በዛ፤ ሒሳቡም አብሮ።

ድጎማ ይመለስ ብለን አንጮህም። እስካሁን ያወራነው ታሪክ ለዚያ አይመችም፤ ርካሹ ነገር የገባሩን ቀን፣ የገበሬውን በሬ፣ የእንጦጦዋን ሴት ወገብ በልቷልና። ግን «እውነተኛ ዋጋ» የሚባለውም ከፋይ ይመርጣል። የመብራት ታሪፍ ብዙ የሚጠቀም የበለጠ እንዲከፍል በደረጃ የተሠራ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ባለ ቪላው ይክፈል ነው። ነገር ግን አምስት ደሀ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፣ ቆጣሪው የሚያያቸው እንደ አንድ ትልቅ ሀብታም ነው። እያንዳንዳችን የምንጠቀመው ጥቂት ነው። ተደምሮ ግን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይገፋናል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ባለ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ባነሰ ዋጋ ይጋግራል። የግቢያችን ጠብ ምስጢሩ ይኸው ነበር። ስቶቩም ቴሌቪዥኑም ከሚያጠፉት በላይ ያጠፋብን ቆጣሪው አንድ መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። መብራቱ ሲወደድ ሰው እንጀራ መብላት አይተውም፤ ከሰል ይገዛል። ከሰሉ ደግሞ ከአንድ ደን ይመጣል፤ በአንድ ሰው ጀርባ ይመጣል። ያ ሰው ታሪፍ ሲወጣ አልተጠየቀም፤ ስብሰባ ላይም አልተጠራም።

እኛ በግቢያችን ሁለተኛ ስብሰባ ጠራን። እማማ በተስማሙት መሠረት በየቤቱ በር ላይ ትናንሽ ቆጣሪዎች ለማስገባት ብር አዋጣን። ሒሳቡን በሰው ቁጥር መካፈሉ ቀረ። በደረጃው ምክንያት የሚመጣውን ጭማሪ ግን አብረን እንሸከማለን፤ ለብቻችን ቆጣሪ የሚሰጠን እስኪገኝ። እንጀራውን ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ በአንድ ምጣድ ተራ በተራ መጋገር ጀመርን። ምጣዱ አንዴ ከጋለ ለአምስቱም ቤት ይበቃል። ለማሞቂያ የሚወጣው ኃይል ብቻ ቀላል እንዳልሆነ ያወቅነው ከእማማ ነው፤ በእንጨቱ ዘመን ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ እሳት ይጋግር ነበርና።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ማታ ሞሶቡ ዙሪያ ተቀመጥን። እማማ ትኩስ እንጀራውን በእጃቸው እየዳሰሱ ዓይኑን አዩ፤ ወደዱትም። ከዚያም እንደ ዋዛ «ለመሆኑ ጤፉን ስንት ገዛችሁት?» አሉን። ነገርናቸው። በመስቀል አማተቡና «አይ ድሮ!» አሉ። እኛም በዚህ ጊዜ ዝም አላልንም። የጎጃሙን ገበሬ፣ የኬላውን፣ የኮታውን ነገር አንድ በአንድ አወራንላቸው። ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፋችን እየላኩ፣ «እንግዲያስ ሳይደፋ በሉት» አሉን።

ወዳጆቻችን፣ በእናንተስ ግቢ ቆጣሪው ስንት ነው?